ጀርባቸውን ለኳሱ የሰጡ

ይቺን ስሙኝማ። ዲሽ የምታስሩም፣ ዲሽ ቤት የምትሠሩም፣ ሰቆጣ በየት በኩል እንደሆነች የማታውቁም ስሙኝ። ስድብ ያላችሁ መጨረሻ ላይ ትሰድቡኛላችሁ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ኪሮስ ጣራ ላይ አወጡኝ። ጋሽ ኪሮስ ገበያው አጠገብ የነበረው ዲሽ ቤት ባለቤት ናቸው። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ጆንያው ወጣና አግዳሚ ወንበር ገባበት። እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ከአስተማሪ ጋር ተሰዳድቤ የወጣሁ ሥራ ፈት ነበርኩ። አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ በእጄ ሰጡኝና፣ "እኔ ከታች ቴሌቪዥኑን አያለሁ። አንተ ዲሹን ጣት ጣት ታክል ታዞራለህ። 'ቁም!' ካልኩህ ንብ ቢነድፍህ እንዳትነቃነቅ" አሉኝ።

ግማሽ ቀን አዞርኩ። ቆርቆሮው እግሬን ጠበሰው። እሳቸው ከታች "መጣ! መጣ! ... ሄደ! አንተ ምኑን ነካኸው?" ይላሉ። በኋላ ጎንበስ ብዬ ባይ ለካ ምሰሶው ራሱ ጠማማ ነው።

"ጋሼ፣ ምሰሶው ሰክሯል። ዲሹን አይቆጡት" አልኳቸው።

ሳቁ። ምሰሶውን ነቅለን በቱምቢ አቃንተን ተከልነው፤ ምስሉ በአሥር ደቂቃ መጣ። በዚያው ቀጠሩኝ።

ከዚያ ሥራው እየበዛ ሄደ። ጄኔሬተር ማስነሳት የእኔ። የሪሲቨሩን አቧራ ማራገፍ የእኔ። የጨዋታውን ሰዓት በጠመኔ በር ላይ መጻፍ የእኔ። ማውራትም የእኔ። ማውራት የምላችሁ፣ የሚገባልን የዓረብ ጣቢያ ነው፤ ሰውየው ሲጮህ ጎል ገብቶ ይሁን ቤቱ ተቃጥሎበት አይለይም። ስለዚህ ድምፁን ዘግቼ ራሴ አወራለሁ። ለከተሜው በአማርኛ፣ ከገጠር ለመጣው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና። የተጫዋቾቹን ስም ስለማልይዝ በመልካቸው ነው የምጠራቸው። "ረጅሙ ለመላጣው ሰጠ፤ መላጣው፣ መላጣው ... ወይ አንተ መላጣ፣ በላኸው!"

ማድሪድ ከተማ ውስጥ ሁለት ክለብ አለ። የእኛም ወንበር ሁለት ነው። በቀኝ የነጭ ለባሾቹ ደጋፊ ይቀመጣል፤ የቢሮ ሰው፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ። በግራ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ማልያ የሚለብሱት የባለመስመሮቹ ደጋፊ አለ፤ ተሸካሚው፣ ግንበኛው፣ ከእኛው ቆላ ወረዳዎች፣ ከሰሃላና ከዝቋላ፣ ለገበያ የመጣው። ባለመስመሮቹ ጎረቤታቸውን ሲያሸንፉ እኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከቀኝ ወንበር፣ "እናንተ ሰዎች፣ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ምን ያደርግላችኋል?" ብለው አሾፉ።

አንዱ ተሸካሚ ዞር ብሎ፣ "የወደቀውን ነው እንጂ የቆመውንማ ምን ብለን እንደግፈው?" አላቸው። ግራው ጎል እንደገባ ጮኸ።

አያ ወልዱ የመጡት ሁለቱ በሚጋጠሙበት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። የዝቋላ ማሽላ አራሽ ናቸው፤ አንድ ቀን ሙሉ በእግር ተጉዘው ነው የደረሱት። በግራ በኩል ፊት ወንበር ላይ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ። ጎል ገባ፣ ቤቱ ተናወጠ፤ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ኳሱ ወዲህ ሲሄድ የሳቸው ዓይን ወዲያ፣ ከሜዳው ጠርዝ ላይ ነው።

"አያ፣ ኳሱ ከታች ነው እኮ" አልኳቸው።

"ኳሱን አንተ እየው። እኔ ሰዉን ነው የማይ።"

"የቱን ሰው?"

"አለሙን።"

አለሙ ልጃቸው ነው። በሱዳን አድርጎ ሊብያ፣ ከሊብያ ባሕር። ስንት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ፣ በቀደም ሰቆጣ ቴሌ አስጠርቷቸው በስልክ አወራቸው። ማድሪድ ነው ያለ። ሌላ ቀን ዕቃ ያወርዳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ባለመስመሮቹ ሜዳ ላይ ሲጋጠሙ ግን ጠብ ስለሚፈራ ተጨማሪ ጠባቂ ይቀጠራል። አለሙም ያን ቀን ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ሜዳው ዳር ይቆማል።

"'ኳስ በነፃ ታያለሃ!' አልኩት" አሉኝ አያ ወልዱ። "'የለም አባዬ፣ እኛ ፊታችን ወደ ሰዉ ነው። ለኳሱ ጀርባችንን ነው የምንሰጠው' አለኝ።"

"ታዲያ እርስዎ የሚያዩት ጀርባውን ነዋ! በጀርባ ይለዩታል?"

"ሲሄድ እኮ ተራራውን እስኪያልፍ ቆሜ ያየሁት ጀርባውን ነው። ፊቱን ብትለኝ ነው የሚያጠራጥረኝ፤ ይኸኔ ጎርምሷል።"

ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል። ያን ቀን ግን የሪሲቨሩን አቧራ ማራገፍ ያዝኩ።

የባሰው፣ ያን ቀን ጨዋታው በነጭ ለባሾቹ ሜዳ ነበር። አለሙ የለበትም። የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት። "በባለመስመሮቹ ሜዳ በዓመት አንዴ ነው የሚጋጠሙት፤ ቀኑ ሲደርስ እኔ ራሴ እልክብዎታለሁ" አልኳቸው። መረቁኝ።

ቀኑ ሲደርስ በፍየል ነጋዴዎች ላክሁባቸው፦ እሑድ፣ ማታ አንድ ሰዓት። የሙያችን ሒሳብ ይቺ ናት፤ ከስፔን ሰዓት ላይ ሁለት ትደምርና ስድስት ትቀንሳለህ። እነሱ ከቀትር በኋላ አምስት ሰዓት ካሉ እኛ አንድ ሰዓት ነን። ክረምት ከበጋ እንዲሁ እየቀመርኩ ነው የሠራሁት። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሲዛነፍ ጣቢያውን ነበር የምሰድበው።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሪሲቨሩን ልሞክር ብዬ ከፈትኩ። ጨዋታው ሠላሳኛ ደቂቃ ላይ ነው! ቤቱ ባዶ፤ እኔና ወንበሩ ብቻ። ወዲያው ካሜራው ወደ ጎሉ ጀርባ ዞረ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ተደርድረው ቆመዋል። ሦስተኛው ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጀርባውን ለእኔ የሰጠ ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ ካሜራው ወደ ኳሱ ተመለሰና ጠፋ።

ሮጬ ወጣሁ። አያ ወልዱን ከገበያው በታች እግራቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው። "ቶሎ ይበሉ አያ!" ብዬ እየጎተትኩ አመጣኋቸው። ስንደርስ እረፍት ሆኗል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ካሜራው ወደዚያ ጎል ጀርባ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለሰም።

አንድ ሰዓት ላይ የመጣው ሕዝብ ሊበላኝ ደረሰ። "የሰዓት ሌባ!" ይላል ግራው፤ "ደንቆሮ!" ይላል ቀኙ። ከቀኝ ወንበር አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ተነስቶ ነው ያዳነኝ። "ፈረንጆቹ በጸደይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጉታል፤ እሱ አላወቀም" አለ።

"ሰዓቱን በእጃቸው ይገፉታል?" አሉ አያ ወልዱ።

"አዎ፣ አባቴ።"

"ፀሐዩስ ይታዘዝላቸዋል?"

ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደኔ ጠጋ ብለው፣ "አንተ አየኸው?" አሉኝ።

"ቀጭን ነው። የግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል።"

"ጀሪካን በግራው ነበር የሚሸከመው" አሉ። ነው አላሉም፤ አይደለም አላሉም። ሌሊቱን ዘመድ ቤት አድረው በማግሥቱ ሄዱ። አንድ ዓመት አስጠበቅኋቸው ማለት ነው፤ እኔ፣ በሒሳቤ።

በቀጣዩ ዓመት ሰዓቱን አስተማሪውን ሁለቴ ጠየቅኩ፣ ሁለቴ ጻፍኩት። አያ ወልዱ በዋዜማው ገቡ። ጋሽ ኪሮስ በእረፍት ሰዓት ጄኔሬተር ይጥፋ ባይ ናቸው፤ ሞተሩ ይብረድ ነው ነገሩ። "ዛሬን ብቻ አይጥፋ፤ ካሜራዎቹ ሕዝቡንና ጠባቂዎቹን የሚያሳዩት በእረፍት ነው" ብዬ ለመንኳቸው።

"ሞተሩ ቢቃጠል አንተን በገመድ ጠምጥሜ ነው የማስነሳህ" አሉ። ፈቀዱ።

ያን ቀን የአያን ነገር ቀኙም አውቋል። የፊተኛው ወንበር መሃሉ ለሳቸው ተለቀቀ። ጨዋታው ሲጀመር አላወራሁም፤ ቢጫ ሰደርያ በታየ ቁጥር ብቻ "አያ፣ በስተቀኝ! አያ፣ ከማስታወቂያው ኋላ!" እላለሁ። ነጭ ለባሾቹ ጎል አገቡ፤ የጮኸ የለም። ሰው ሁሉ የአንድ ሰው ጀርባ ፈላጊ ሆነ።

ሃያኛው ደቂቃ ላይ በሩ ተከፈተ። ከከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎችና አንድ ፖሊስ ገቡ። ከሁለቱ አንዱ ኃላፊ ነው፤ ያ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀኝ ወንበር እግሩን አነባብሮ የሚያይ የእኛው ደንበኛ ነበር። ደብዳቤ አነበበ። ወጣቱን ለስደት የሚያነሳሱ ዲሽ ቤቶች ከዛሬ ጀምሮ ይታሸጋሉ ይላል።

"ጋሼ፣ ጨዋታው ይለቅና ያሽጉት" አልኩት ኃላፊውን።

"መመሪያ ነው። አጥፋ።"

"ባለፈው ቅዳሜ መመሪያው የት ነበር? ከጎንዎ ተቀምጦ ነበር?"

ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝ። ያኔ አያ ወልዱ ተነሱ።

"ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ እስኪያልቅ ታገሱኝ። ልጄን ላይ ነው የመጣሁት።"

"የት ነው ልጅዎ?"

ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱት። ኃላፊው ወደ ሕዝቡ ዞረና፣ "ይኸው! እኛ የምንለው ይኸንኑ ነው። ዲሽ እያዩ ይሄዳሉ፣ ወላጅ ያለቅሳል" አለ።

"ዲሹን ያየሁት እኔ ነኝ" አሉ አያ ወልዱ፣ ቀስ ብለው። "አለሙ ሲሄድ ሰቆጣ ዲሽ የሚባል ነገር አልነበረም። ማሽላው የደረቀ ዓመት ነው የሄደው።"

ሰውየው አልመለሰላቸውም። ጓሮ ዞሮ ጄኔሬተሩን በገዛ እጁ አጠፋው። ምስሉ ተሰብስቦ ነጥብ ሆነና ጠፋ። አያ ወልዱ ጥቁሩን መስታወት እያዩ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ማኅተም ተመታበት።

በማግሥቱ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። "ለከርሞም ይኖር የለ?" አሉኝ። "ይኖራል፣ አያ" አልኳቸው። ጨዋታውማ ይኖራል።

እኔ ከዚያ ወዲህ የግለሰብ ዲሽ እያሰርኩ ነው የምኖረው። የዚያን ኃላፊ ጣራም ወጥቼ አስሬያለሁ። ጥርት ብሎ ይታያል። ሥራ ነው፣ ሠራሁት።

ለእናንተ ለሙያው ሰዎች የምለው አጭር ነው። የፈረንጅ ሰዓት በዓመት ሁለቴ ይዛወራል፤ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውንም ሰው ምን ሊያይ እንደመጣ ጠይቁት፤ ሁሉም ኳስ አያይም።

ለእናንተ ማኅተም ይዛችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ጥያቄ አለኝ፤ አያ ወልዱ ነግረዋችሁ ዝም ያላችሁትን ነው። አለሙ የሄደው ምን አይቶ ነው?