ሙሌ ውሃ ሲጠይቅ

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት ውሃ የሚከለከለው የታመመ ሰው ነበር። ጤነኛ ልጅ ከጀሪካኑ እየቀዳ ሆዱ እስኪነፋ ቢጠጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ገላው ሲተኩስና ምላሱ ሲደርቅ፣ ውሃ ውሃ ሲል ግን ጣሳው ይሸሸጋል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይጠይቃል? እኔ ዛሬ እዚሁ ሐረር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ሰውነት ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅና ከበሽታ እንደሚከላከል የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሻክራል። ተማሪዎቼ «ቲቸር እዚህ ምዕራፍ ላይ ትቆጣለች» እንደሚባባሉ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው፣ እቆጣለሁ።

የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ነበር፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ በአባይ ሩቂያ ግቢ ተከራይተን። አባይ ሩቂያ ባላቸው የሞተባቸው ሐረሪ ናቸው፤ «አባይ» ሐረሪዎች ታላቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው፤ ስፌት እየሰፉ ይሸጣሉ፣ ግቢውም ሁልጊዜ የተነከረ ሣርና የቀለም ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ አሁንም ገበያ መሃል ድንገት ሲመጣብኝ እግሬን ይይዘኛል። አባታችን ድሬዳዋ መጋዘን ይሠራ ስለነበር የምናየው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ፣ ሙሌ፣ የሠፈሩ ቀንደኛ ረባሽ ነበር። ከቤታችን ፊት ያለችው መንገድ በጣም ጠባብ ስለሆነች አንድ እጅና እግሩን በአንዱ ግንብ፣ ሌላውን በማዶው ግንብ ላይ አድርጎ እየተንፏቀቀ ይወጣና ከላይ ሆኖ የጊሽጣ ፍሬ አላፊ አግዳሚው ላይ ይተፋል። ሲረገም ይስቃል። እንዲህ ያለ ልጅ ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

በዚያ ዓመት ኩፍኝ በየቤቱ ገባ። ቀደም ብሎ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች በሠፈሩ አልፈው ነበር። የጎረቤት ልጅ ተከትቦ ሲያተኩሰው ስላደረ እናቴ ፈራች፤ ደኅና ልጄን በእጄ ለምን አሳምመዋለሁ ብላ ሙሌን አልጋ ሥር ደበቀችው። እሱ ድብብቆሽ መስሎት እየሳቀ ነው የገባው። ያቺ የአንድ ሌሊት ትኩሳት ገላው ጠላቱን የሚያጠናባት እንደነበረች የሚነግራት ሰው አልነበረም፣ ቢነግራትም አትሰማም።

ሙሌ ሽፍታው ሲወጣበት ቤታችን ተዘጋ። መስኮቱ ላይ ጋቢ ተሰቀለ። ሽታ ኩፍኙን ያስቆጣዋል ተብሎ ሽንኩርት መጥበስ ቀረ። ከፀሐይ የመጣ ሰው ምች ይዞ ይገባልና በሩን አያልፍም። መርፌማ ስሙም አይነሳ፤ ኩፍኝ ላይ መርፌ የተወጋ ልጅ አለቀለት ነው የሚባለው። ከሁሉ የከፋው ግን የውሃው ነገር ነው። ሽፍታው ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ልጁ ውሃ ከጠጣ ወደ ውስጥ ይመለስና ሆዱን ይመታዋል ይሉ ነበር። አንዴ ኩፍኝ የወጣለት ሰው ደግሞ አይደገምም፤ እዚህች ላይ እንኳ ልክ ናቸው። እኔ ከዚያ በፊት ወጥቶልኝ ስለዳንኩ እንደ ልቤ እንድገባና አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዝንብ እንዳባርርለት ተፈቀደልኝ። ገላ አንዴ የታገለውን በሽታ እንደማይረሳ ሳይማሩ ያወቁ ሰዎች የውሃን ነገር እንዴት እንዲህ ሳቱት? እስካሁን ያበግነኛል።

ሙሌ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ብርድ ልብስ ደረቡበት፣ በብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ ጋቢ። አሁን ሳስበው ገላው የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ትኩሳቱን ያነሳው በሽታውን ሊያዳክም ነው። ሙቀቱ ሲበዛበት ደግሞ በላብ ሊያበርደው ይሞክራል። ላብ ግን ከምን ይሠራል? ከውሃ አይደል? ተቅማጡም ጀምሮት ስለነበር ያለችውን ጥቂት እሱ ይዟት ይወጣል። ያ ትንሽ ገላ ሥራውን ሳያዛንፍ እየሠራ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም በአፉ ለመነ። «እትዬ፣ ትንሽ» ይለኛል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲናገር ይደማል።

እናቴ ጀሪካኑን ድምፁን እንኳ እንዳይሰማ ብላ ወደ አባይ ሩቂያ ቤት አሻግራው ነበር። አባይ ሩቂያ ከደጃፉ ቆመው ስንት ጊዜ ለመኗት። የእሳቸው ልጆች ኩፍኝ ይዟቸው ውሃ ሲጠጡ እንደከረሙ፣ ወላሂ አንዳቸውም እንዳልተጎዱ ነገሯት። አንቺ ልጅ፣ ካልሆነም ሐኪም ቤት አብረን እንውሰደው አሏት። እናቴ አባይ ሩቂያን እንደ እናቷ ታከብራቸው ነበር፤ ቡና ስታጣ እሳቸው ናቸው የሚሰጧት፣ ስትወልድም ያረሷት እሳቸው ናቸው። ግን አንገቷን ደፍታ፣ የእርስዎ ልጆች ገላ የአገሩ ስለሆነ ይችለዋል፣ የእኛ ግን ሌላ ነው፣ አይችልም አለቻቸው። ስንት ትውልድ አብረን ኖረን፣ ከአንድ ጉድጓድ ጠጥተን፣ ገላችን ግን ሌላ ነው! በሽታው እኮ ክርስቲያንና እስላም ብሎ አልመረጠም።

እኔ ልመናውን ስላልቻልኩት ተነሥቼ ወደ አባይ ሩቂያ ሄድኩ። ምንም አልጠየቁኝም፣ ጣሳ ሞልተው ሰጡኝ። ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅሁ ግቢውን አቋረጥኩ። በሩ ላይ እናቴ ጠበቀችኝ። ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ደጃፉ ላይ ደፋችው፤ ቀዩ አፈር ወዲያው መጠጠው። አልመታችኝም፣ አልጮኸችብኝም።

«ልትገድይው ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ሙሌ ውሃ መጠየቅ ተወ። ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፣ ቆይቶ ማልቀሱንም ተወው። ሽንቱ ቀረ። እጁና እግሩ ቀዘቀዘ። እናቴ ዳስሳው ተመስገን አለች፤ ትኩሳቱ ወረደለት፣ እንቅልፍም ወሰደው አለች። የጎረቤት ሴቶች ከውጭ ሆነው እሰይ እሰይ አሉ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ወጥቼ ሱዚ ዘለልኩ። ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ይኸን ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጣ እንባውን ይዘጋል፣ ሽንቱን ይይዛል፣ ደሙን ከእጅና ከእግር ሰብስቦ ለልብና ለአንጎል ያስቀራል። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ ለፈተናም ያጠኑታል። ወንድሜ እየዳነ ሳይሆን ያለችው ውሃ ቆጥቦ ቆጥቦ እያለቀችበት ነበር።

ቅዳሜ አባታችን መጣ። ገብቶ አንድ ጊዜ አየውና የመስኮቱን ጋቢ ገንጥሎ ጣለው፣ ልጁን ታቅፎ በፈላና በር ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። እናቴ ብርሃን እንዳይመታው ነጠላዋን ልትጥልበት ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች፣ እኔም እሷን ተከትዬ። ሐኪሙ የሙሌን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ፣ እናቴ መሬት መሬት አየች። ግሉኮስ ሊሰቅሉለት ክንዱን ቢፈልጉ፣ እግሩን ቢፈልጉ የደም ሥሩ ጠፋባቸው። ሙሌ እዚያው አልጋ ላይ፣ እኛ ቆመን እያየነው አለፈ።

ለቅሶ ላይ እናቴ ለመጣው ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፦ ሽፍታው ወጥቶለት፣ ትኩሳቱ ወርዶለት፣ አባቱ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አስመታብኝ፣ መርፌም ወጉብኝ። ሰውም አመናት። አባቴ አልተከራከራትም። ጥግ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ከዚያ ወዲያ የቅዳሜ መምጣቱ እየሳሳ ሄደ፣ ቆይቶ ድሬዳዋ ሌላ ትዳር ይዟል ተባለ። አባይ ሩቂያ ገብተው ያ አላህ ብለው ከእናቴ ጋር ተቀመጡ፤ አንዲት ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሰው ሁሉ ለዚህ ያመሰግናቸዋል። እኔ ግን አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ይናገር ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ አደግሁ።

ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው። ኮሌጅ ገብቼ ያን ምዕራፍ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ወጣሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ የማልነግራት ስለማዝንላት ነው እላለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ከእሷ ጋር ያንን ወሬ መጀመር ቀፎኝ ነው። እሷም የሙሌን ስም አንስታ አታውቅም። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ፈሳሽ አብዝታችሁ ስጡ እያሉ ሲያስተምሩ ብድግ ብላ ሬዲዮኑን ዘጋችው። አይ ግትርነት፣ አሁንም አታምንም ብዬ ውስጤ አረረ።

ዛሬ እኔና እሷ ከጀጎል ውጭ፣ አዲሱ ከተማ እንኖራለን። ዘመኑ ተለውጧል ይባላል። የሠፈራችን እናቶች የክትባት ካርድ ይዘው ሲሄዱ አያቸዋለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ ደስታውም ሳይውል ሳያድር ይመረኛል። ያኔ በልጅነቴ ግቢ ሙሉ ሰው ነበረን፤ ተዝካሩም ሠርጉም የጋራ፣ በሽተኛ ሲኖር ደጃፉ ሰው አይጠፋበትም። ያን ጊዜ የሚናፍቁ የዕድሜ እኩዮቼ ፍቅር ድሮ ቀረ ይሉኛል። ፍቅሩማ ነበረ፣ ማን ካደ? ሙሌ በውሃ ጥም ያለቀው የሚወደው ሰው ሁሉ ደጁን ከቦት ነው። ገላው አልከዳውም፣ መጨረሻው ድረስ ታግሎለታል። እኛ ነን ገላውን የታገልነው።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ልቧ ደክሟል፣ ኩላሊቷም ውሃውን ማስወጣት አቅቶት እግሯ ያብጣል፣ ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል። የሚከታተላት ሐኪም የምትጠጣውን እንድመጥንላት አዘዘኝ፤ ከመጠኑ ካለፈ ሳንባዋ ላይ ይተኛል አለኝ። እኔም እንዳስተማሩኝ አደርጋለሁ። የቤቱን ውሃ ሁሉ ወደ ጓዳ አስገብቼ ቆለፍኩ። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ፣ ሐረር በዚያ ሰሞን ሙቀቷ አያድርስ ነው፣ ጠራችኝ። የዕለቱን ጠጥታ ጨርሳለች። ትንሽ ብቻ አለችኝ። እምቢ አልኳት። አንድ ጉንጭ አለችኝ። እንደማይቻል፣ ሐኪሙ እንደከለከለ፣ እንደሚጎዳት አስረዳኋት፣ ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው እማዬ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ ከንፈሯን እየላሰች። «እኔም ለሱ ብዬ ነበር።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር፤ ሲመጣ ግን ይቅር አላልኳትም፣ አልተቆጣኋትምም። ጓዳ ገብቼ ጥጥ ውሃ ውስጥ ነከርኩና ከንፈሯን አራስኩላት። ጥጡን በድዷ ነክሳ ያዘችው፣ ብጎትት ብጎትት አልለቅ አለችኝ።