ወፈረ የተባለው ልጅ

የቡታጅራ የአርብ ገበያ ሊበተን ሲል ሰፍያ ልጇን ጀማሉን አዝላ እየሮጠች ደረሰች። አንድ ጣሳ ሽምብራ፣ አንድ ጣሳ ገብስ፣ ሁለት እንቁላል ገዛች። ሻጯ ሳሌሃ "ምነው፣ ሰርግ አለ እንዴ?" ብትላት ብሯን ቆጥራ ሰጠቻት። ከክሊኒክ መምጣቷ ነው።

ጀማሉ አስር ወሩ ነው። ከስድስት ወሩ ጀምሮ አማቷ ዘይባ ከእንሰቱ ምርጡን ነጭ ቡላ እያገነፉ ሲያበሉት ነበር። ለሚወዱት ልጅ ነጩ ነዋ የሚሰጠው! ጉንጩ ሞላ፣ እግሩ ደነደነ። ያየው ሁሉ "ማሻአላህ፣ ወፈረ!" ይላል። ሰፍያም አዲስ አበባ ሱቅ ለሚሰራው ባሏ "ልጅህ ወፍሯል" ብላ ደብዳቤ አስጽፋ ልካለች።

ዛሬ ክሊኒኩ ውስጥ ከድሮ የሚባለው ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ፣ የልጁን እግር በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀ። ጉድጓዱ እዛው ቀረ።

"ይሄ ውፍረት አይደለም እህቴ፣ እብጠት ነው" አላት። "ቡላ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ሽምብራና ገብስ ቆልተሽ፣ ገለባውን አውጥተሽ፣ አልመሽ ፍጪ። ገንፎው ሲበስል እንቁላል መትተሽ ጨምሪበት። ጡትም አትንሺው። ሰኞ መልሰሽ አምጪው። አልበላም ካለ ግን ሰኞን እንዳትጠብቂ።"

ሰፍያ ቤት ስትደርስ ዘይባ ሽምብራውን ሲያዩ ጮኹ።

"ሽምብራ ለጨቅላ? ሆዱን ልትነፊው ነው?"

"ተነፍቷል እኮ እናቴ።"

"እኔ ዘጠኝ የወለድኩት በምን ያሳደግኩ ይመስልሻል? በቡላ!"

ከዘጠኙ አራቱ አፈር ውስጥ ናቸው። ሰፍያ ይሄን ታውቃለች። ለክርክር ግን አቅሙ የላትም። የአማቷን ጣት ያዘችና የልጁ እግር ላይ ጫን አደረገችው።

ዘይባ ጉድጓዱን አዩት፣ አዩት። ከዛ "ያ ረቢ" አሉና ወንፊቱን ከግድግዳው አውርደው ሰጧት።

ሰፍያ ቆላች፣ ፈተገች፣ ፈጨች። ክንዷ ሲዝል ዘይባ ተቀበሏት፤ እሳቸው ሲደክማቸው እሷ። ገንፎው ሲደርስ በጣቷ አቀዝቅዛ አቀመሰችው።

የመጀመሪያውን ዋጠ። ሁለተኛውን ተፋ። ሶስተኛውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አይኑ ተከደነ፤ እንዳያንቀው ብላ አወጣችለት።

"ሲነቃ ይበላል" አሉ ዘይባ።

ሰፍያ ሳህኑን ታቅፋ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች። ይብላ አይብላ አታውቅም።