ደሙን ያየሁት አጥቂ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨዋታ አይቻለሁ፣ ብዙ ጎልም ረስቻለሁ። የዚያ ቅዳሜና እሑድ ጭንቀት ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ልጁ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን ቀይሬዋለሁ። ሐሩን ልበለው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አሶሳ ተመድቤ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ሰፈር ውስጥ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ "ዶክተር" ይሉኛል። አይደለሁም ብዬ ብዬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ከሥራ ውጪ ያለኝ ሱስ ኳስ ብቻ ነው። የከተማችን ቡድን ሲጫወት ድምፄ ሳይዘጋ ቤቴ አልገባም።

ሐሩን በዚያ ዓመት ከመንጌ ወረዳ የመጣ አዲስ አጥቂ ነው። ጥቂት ጊዜ ተቀይሮ ገብቶ ሕዝቡን አሳብዶታል። ኳስ ይዞ ከተነሳ አበቃ፤ ተከላካይ ማልያውን እንኳ አይነካውም። እሑድ ከባምባሲ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበረን። ከአዲስ አበባም ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጥቶ ሐሩንን ሊያይ ነው ተብሎ ከተማው በወሬ ታምሷል።

ቅዳሜ ጠዋት ማን ላቦራቶሪ ቢመጣ ጥሩ ነው? ራሱ ሐሩን። ከንፈሩ ደርቋል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጣቱን ወግቼ ደሙን ወሰድኩና ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ሳሳርፍ፣ ማርያምን፣ ማመን አቅቶኝ ደግሜ አየሁ። ወባ በየቀኑ አያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን እምብዛም አላይም። ደሙ በወባ ተውሳክ የተሞላ ነበር። ይህን ያህል በደሙ ተሸክሞ እንዴት በእግሩ እንደመጣ ገረመኝ።

"ወባ ነው?" አለኝ።

"ወባ ነው። ቀላልም አይደለም። ሐኪሙ ጋ ግባ፣ ዛሬ አልጋ ትይዛለህ።"

የጋዋኔን እጅጌ ያዘኝ። "ነገ ጨዋታ አለ። ለሰው አትናገር፣ ወላሂ ለሰው አትናገር።"

"የበሽተኛ ምስጢር ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ አትስጋ። አንተ ብቻ ተኛ" አልኩት። እውነትም የሥራችን ሕግ ነው፤ ያየሁትን ለሚያክመው ሐኪም እንጂ ለሌላ አልናገርም።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙን ስጠይቀው ልጁ የለም። የመጀመሪያውን ክኒን ውጦ "ብርድ ልብስ ከቤት ላምጣ" ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ስልኩም ዝግ ነው። ሐኪሙ ሰው ልኮ ቢያፈላልገውም ከሚኖርበት ቤት አላገኙትም።

እኔም ምናልባት ባገኘው ብዬ ወደ ሻይ ቤታችን ሄድኩ። አንድ ማንጎ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ የኳስ ወዳጆች የምንሰበሰብበት ቦታ ነው። ስደርስ ክርክሩ ጦፏል። ጓደኛዬ ታዬ ባጃጁን መንገድ ዳር አቁሞ ቁልፉን እያሽከረከረ ይጮሃል።

"ሐሩን ነገ ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው መግባት ያለበት! ያውም መሐል አጥቂ ሆኖ! ዘጠናውን ደቂቃ ይሩጥባቸው!"

"ላ፣ ላ! አይሆንም!" አሉ ሐጂ በበክር። ሐጂ የአሶሳ ተወላጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ የደጋፊዎቻችንም ሰብሳቢ ናቸው፤ አሠልጣኙ ቃላቸውን ይሰማል። "መሐል ይመቱታል፣ ልጅ ነው። ግራ መስመር ይሂድ። ግራ መስመር ሰፊ ነው፣ እሱ ሩጫ ይወዳል።"

ይሰለፍ በሚለው ሁለቱም ተስማምተዋል። ጸባቸው በየት በኩል በሚለው ላይ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ዘልዬ እገባበት ነበር። ያን ቀን ግን ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

"ግን ትናንት ልምምድ ላይ ጃኬት ደርቦ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ" አለ ታዬ።

ተመስገን፣ ራሳቸው ደረሱበት ብዬ ቀና አልኩ።

ሐጂ በበክር ሳቁ። "ወባ ነዋ! ታዲያ ወባ ምንድነው? ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ወባ ይዞኝ ስንት ጊዜ ገበያ ቆሜያለሁ። ክኒን ይውጣል፣ ይጫወታል፣ ኸላስ፣ አለቀ!"

ሁሉም ሳቁ። እዚህ አገር እንዲህ ነው። ወባ አብሯቸው ያደገ በሽታ ስለሆነ እንደ ጉንፋን ነው የሚያዩት፤ በወባ ከሥራ የቀረ ሰው ሰነፍ ይባላል። ብዙ ጊዜም እንዳሉት ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ግን "ይሄዳል" ተብሎ ሰውየው ራሱ የሄደበትን አይቻለሁ። ደሙ እንደ ሐሩን በወባ የተሞላ አንድ ጎልማሳ ሳይተኛ ሥራው ላይ ውሎ፣ ሳምንት ሳይሞላው ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምስጢሩን ባወጣው እንኳ እነዚህ ሰዎች ከቁም ነገር እንደማይቆጥሩት ያን ጊዜ ገባኝ።

ሌላ መላ ሲጠፋኝ፣ "ሐሩን ገና ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ምን አልክ?" አለ ታዬ።

"ገና ነው አልኩህ! ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ አይመለስም። መሐልም ግራም ብታሰልፉት ቡድኑን ያጎድለዋል። ተቀያሪ ይቀመጥ።"

"አንተ ሰውዬ! ባለፈው ሳምንት 'ይሄን ልጅ የማያሰልፍ አሠልጣኝ ይባረር' ብለህ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ሐሳቤን ቀየርኩ!"

"ባምባሲዎች ምን አጉርሰውህ ነው?"

ሳቁብኝ። እኔ ግን አልተመለስኩም። ከቴሌቪዥን ተንታኞች የለቀምኩትን ቃል ሁሉ ደረደርኩት፤ ሚዛን አልኩ፣ ሽግግር አልኩ፣ የመከላከል ሥነ ሥርዓት አልኩ። ግማሹ ለራሴም አይገባኝም። ታዬማ "ከሃዲ!" ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

ሐጂ በበክር ግን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ "ዶክተር የተማረ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አይናገርም" አሉ። ስልካቸውን አውጥተው ከአሠልጣኙ ጋር በበርታ ቋንቋ ተነጋገሩ። እኔ የያዝኩት የልጁን ስም ብቻ ነው። ሲጨርሱ "ከእረፍት በኋላ ይገባል" አሉኝ። ግማሽ ትንፋሽ ተነፈስኩ። ሌላኛው ግማሽ አልወጣም።

እሑድ ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሐሩን ተቀያሪዎች ጋ ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ። እኔ ጨዋታውን አላየሁም፤ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ባምባሲዎች አገቡብን። ከእረፍት በኋላ ሕዝቡ "ሐሩን! ሐሩን!" እያለ ሜዳውን አናወጠው። ታዬ ባዶ ጀሪካን ይደልቃል። ጥላ ሥር የተቀመጠው መነጽር ያደረገ የአዲስ አበባ እንግዳም አንገቱን ዘርግቷል። አሠልጣኙ ዞሮ ለሐሩን በእጁ ምልክት ሰጠው።

ሜዳው ዙሪያ የተወጠረውን ገመድ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ፖሊሱ ሲይዘኝ "የጤና ባለሙያ ነኝ" ብዬው አለፍኩ። ሐሩን ጃኬቱን አውልቆ ለማሟሟቅ ይሞክራል። እጁን ስይዘው ይፋጃል።

"ለአሠልጣኙ አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?"

"አንተ አትናገርም" አለኝ። "ምስጢር ነው ብለሃል።"

እውነቱን ነው፤ ብያለሁ። ከኋላዬ ሕዝቡ ስሙን ይጠራል፣ አሠልጣኙ "ቶሎ በል!" ይላል።

"እሺ፣ አልናገርም" አልኩት። "ግን አንድ ነገር ስማኝ። እንዳንተ ያለ ደም ያየሁለት ሰው ነበር። ክኒን ውጬአለሁ ብሎ ሥራ ገባ። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። እናቱን ምን ብዬ እንደማጽናና ጠፍቶኝ ነበር። ያንተን እናት ደግሞ መንጌ ድረስ ሄጄ ምን ልበላቸው?"

እንግዳውን አየ። ሜዳውን አየ። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ከዚያ አሠልጣኙ ጋ ሄዶ "እግሬን ያዘኝ፣ አልችልም" አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሌላ ልጅ ተቀይሮ ሲገባ ግን ጩኸቱ ተለወጠ። "ፈሪ! ፈሪ!" ከሁሉም በላይ የታዬ ድምፅ ይሰማኛል። ልጁ ጃኬቱን በራሱ ላይ ጣለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ምን ልበል? ምስጢሩ የእሱ ነው።

ጨዋታው ሳያልቅ ደግፌ አውጥቼ ባጃጅ አስገባሁት። መንገድ ላይ አስታወከው። ቀጥሎ በበርታ ቋንቋ ከእናቱ ጋር ያወራ ጀመር፤ አጠገቡ ያለሁት እኔ መሆኔን አያውቅም። "ንዳው ወንድሜ፣ በናትህ ንዳው!" እያልኩ ባለባጃጁን አስጨነቅኩት። እንደደረስን ግሉኮስ ተደረገለት፣ በመርፌ መድኃኒት ተጀመረለት። ሲነቃ "ስንት ለስንት አለቀ?" አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ዳነ። እንግዳው ግን ሌላ ልጅ ይዞ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ እኔ ተከብሬያለሁ። "ገና ነው ያለው ዶክተር ብቻ ነበር፤ ልጁ ልብ እንደሌለው አስቀድሞ አይቷል" ይላሉ። ታዬም ይቅርታ ጠይቆኛል። አሁን ስሜ "ኮች" ሆኗል፤ ከየጨዋታው በፊት አሰላለፍ ያስተነትኑኛል። "ኮች" ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ሐሩን አሁንም ለቡድናችን ይጫወታል። ብዙውን ጊዜ ተቀይሮ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ሐኪም ቤት በራፍ ላይ አገኘሁትና "ለምን እውነቱን አትነግራቸውም? አንተ ብትናገር እኔም እመሰክርልሃለሁ" አልኩት።

ፈገግ አለ። "ምን ልበላቸው? ወባ ይዞኝ ነው ልበል? 'ለወባ ብሎ ተቀመጠ' ይሉኛል። እሱማ ይብሳል።"

እንዳለው ነው፤ እዚህ እውነቱም አያድነውም።

እድሉን ነጠቅኩት ወይስ ነፍሱን አተረፍኩ ብዬ ከራሴ ጋር የምሟገትበት ቀን አለ። ሜዳ ውስጥ ገብቶ ኳስ በነካ ቁጥር አንዱ "ፈሪ!" ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እነሱን ትቼ እሱን አያለሁ። በግራ መስመር ይዞ ይበራል፣ ማንም አይደርስበትም። ይስደቡት። ይሩጥልኝ ብቻ።