ያልሞተችው አክስቴ ለቅሶ

ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ውጬ ነው የኖርኩት። ለልጄም አልነገርኳትም፤ ለእሷማ ምን ብዬ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ስልኬ የጮኸው ከዲላ ወደ ወርቃ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዱመርሶ፣ ቡና ማጠቢያው ውስጥ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብዬ ስለቅም ነው። አልጋ የምለው ሽቦ የተወጠረበትን ረጅም ማስጫ ነው። ታጥቦ የወጣው ቡና እርጥብ እያለ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመን የተሰበረውንና የተበሳውን እንለቅማለን። የደወለችልኝ የዲላ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ነበረች። ከኋላዋ የመኪና ድምፅ ይሰማኛል።

"አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አታለቅሺም። የእድሩ ሰው በሙሉ ሚኒባስ ይዘን ወደ ወርቃ እየመጣን ነው። ባልሽንም ለምነን ይዘነዋል።"

ስልኩን ዘጋሁባት። ወርቃ ለቅሶ አልነበረማ። አክስቴ አልሞተችም። የገደልኳት እኔ ነኝ፣ በአፌ።

ባሌ ታደሰ አናጢ ነበር፣ እጁ ከባድ ነው። እኔ ሳላገባ ቡና ለቃሚ ነበርኩ፤ ካገባሁ በኋላ ቤት ተቀመጥኩ። ልጃችን ብርቱካን ከፍ ስትል፣ ልሥራ ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛ ስጠይቀው ሁለት ጥርሴን አረገፈው። የእሱ ሚስት ከማንም ጋር ተጋፍታ ቡና አትለቅምም። ለልጄ ደብተር ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። ለራሴ ነው የፈለግሁት። ከሴቶች ጋር ቆሜ፣ እየተቀላለድኩ መዋል ነው የናፈቀኝ። ይሄ ኃጢአት ነው? እኔ እንጃ። የኔ ኃጢአት ከዚህ በኋላ ነው።

ባል ሚስቱን ከምንም ቢከለክላት ከለቅሶ አይከለክላትም። ይህን ስለማውቅ ወርቃ ያለችው አክስቴ በቀለች ሞተች ብዬ ጮህኩ። ፊቴን ነጨሁ፣ እውነቴን ነው፣ ደም እስኪወጣ። ታደሰ ከአክስቴ ጋር በሠርጋችን ቀን ተሰዳድቦ ደጇን አልረግጥም ብሎ የማለ ሰው ነው፣ አይከተለኝም አልኩ። እድሩን ግን ረሳሁ። እንዴት እድር ይረሳል?

ለብርቱካን እውነቱን ነገርኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን ሠርቼ ቦታዬን እስካስይዝ እኔን ተክተሽ ቤቱን ያዢ፣ አባትሽ ከጠየቀሽ ለቅሶ ናት በይ አልኳት። ፈራች። ስለፈራች አስማልኳት። "እናቴ ትሙት፣ አልናገርም" አስባልኳት። ልጅ በእናቷ ሞት ከማለች ወዲያ ምን መውጫ አላት?

ስልኩ ከተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ሚኒባሱ በመንገዱ አለፈ። አልጋው ሥር ተሸጎጥኩ። ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዘቁት ሴቶች በመስኮቱ ታዩኝ። ያኔውኑ ሮጬ ዲላ መግባት፣ ልጄን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ወርቃ ደርሰው እስኪመለሱ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን ቆየሁ። ፀሐዩ ሳይበረታ አልጋው ካልተሸፈነ ቡናው ይሰነጠቃል፤ አልጋዋን ሳትሸፍን የሄደች ሴት ደግሞ በማግሥቱ በበሩ አትገባም። ስለዚህ ቆየሁ። ለቀምኩ። ልጄ እዚያ፣ ቡናው እዚህ። እኔ ቡናውን ሸፈንኩ።

ወርቃ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ሴቶቹ እየጮሁ ከመኪና ሲወርዱ አክስቴ ከጓሮ ወጥታ፣ "ማነው የሞተው?" እያለች ደረቷን እየመታች አብራቸው አለቀሰች አሉ። እስከ ዛሬ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። ታደሰ ግን አልሳቀም። በእድሩ ሰው ሁሉ ፊት መሳቂያ ሆኗል። ሌሎቹ ግራ ገብቷቸው እዚያው ሲቀሩ እሱ ሞተር ኮንትራት ይዞ ተመለሰ።

እኔ ዲላ የገባሁት ከሰዓት ነው። ከባጃጁ ወርጄ አጥራችን ጋ ስደርስ ድምፁን ሰማሁ። የመጥረቢያ እጀታ ሥጋ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ በጀርባዬ ነው የተማርኩት። ያን ቀን ግን ጀርባው የኔ አልነበረም።

"እናትሽ የት ናት?"

"ለቅሶ ናት።"

ይመታታል። ደግሞ ይጠይቃታል። ለቅሶ ናት ትላለች። ውሸት መሆኑን እሱ ያውቃል፣ ማወቁን እሷም ታውቃለች። ግን በኔ ሞት ምላለች። እኔ እንዳልሞት ነው የምትመታው።

እኔስ የት ነበርኩ? ከቤቱ ኋላ፣ እንሰቱ ውስጥ። አሥር እርምጃ አይሞላም። ይኸው አለሁ ብል ወደኔ ይዞር ነበር። አላልኩም። ግንዱን አቅፌ ቆምኩ። ጎረቤት ይሰማል፣ ሰው መሃል ይገባል ብዬ ጠበቅሁ። የምን ጎረቤት? እጁን የሚይዘውን፣ ላይዋ ላይ የሚወድቅላትን ሰው ሁሉ ወርቃ ልኬዋለሁ። ሰፈሩን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ፣ የልጄም ድምፅ ቆመ፣ እኔም ሮጥኩ። ወደ ውስጥ አይደለም። ወደ ውጭ።

ብርቱካን አልሞተችም። ያነሷት ወደ ማታ የተመለሱት የእድሩ ሴቶች ናቸው። ታደሰ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ወደ ሞያሌ ሄደ ይላሉ፤ እኔ ግን ዛሬም ሞተር በደጄ ሲያልፍ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ። ልጄ አሁን ሙሉ ሴት ሆናለች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ሳናግራት ቀኝ ጎኗን ታዞርልኛለች። ለሰው ስታወራ "እማዬ ደርሳ ቢሆን ኖሮ ታስጥለኝ ነበር" ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም እላለሁ። እንዴት ያለች ሴት ናት ይህን ሰምታ ዝም የምትል? እኔ ነኝ።

ዘመዶቼ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮ ይላሉ። ተሳስተዋል። ዛሬም ቡና እለቅማለሁ፣ አላፍርበትም። ልጄን የመታት ሥራዬ አይደለም። እሱ ነው የመታት። እኔ ደግሞ ቆሜ አስመታኋት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከእንሰቱ ሮጬ የገባሁት ፖሊስ ጣቢያ ነው። አንዲት ሴት ፖሊስ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃም አመጣችልኝ። ባሌ ሊገድለኝ ነው አልኳት። "ቤት የቀረ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። አለ ብላት ነይ ቤቱን አሳዪን ትለኛለች። ተመልሼ ፊቱን ማየቴ ነው።

"ማንም የለም" አልኳት።

ማንም የለም አልኩ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሰው ናት፣ እሷም አታውቅም። ያን ቀን በጣቢያው በር ላይ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ቆሟል። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። እጄ እርጥብ ቡና ይሸታል። ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነካኝ አይችልም ነበር።