ያልቀመስኩት የአቼቶ አትክልት

ወሬው የደረሰኝ አርባ ምንጭ፣ ልጄ ቤት፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ነው። የደወለችው ትርንጎ ናት። ደባርቅ በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ለዓመታት አብራኝ ሠርታለች፤ እኔ ከወጣሁ ወዲህ ኃላፊዋ እሷ ናት።

«እትዬ ዘውዴ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ገና ሳትጠይቂኝ ምን ያስቆጣኛል?»

«በጾም ይቀምሱ ነበር እንዴ?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማረፊያውን ዛሬ የሚያስተዳድረው፣ ከአባቱ የወረሰው የቀድሞው ባለቤት ልጅ ነው። የአቼቶ አትክልቱ ሁለት ቀን ጨው በዛበትና «ቀምሰሽ አውጪ» አላት። «ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም በአፌ አይዞር» አለችው። «ዘውዴ ድብን አድርጋ ትቀምስ ነበር። ያለዚያማ እንዲያ ልክ አይመጣም። ከሰኞ ጀምሮ ወይ ትቀምሻለሽ ወይ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ» ብሏታል። ትርንጎ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው። እንጀራዋን በእኔ ስም ሊቆርጡባት! ስለዚህ የሠራሁትን ከመጀመሪያው ልናገር።

ከዳባት መጥቼ ሥራ የጀመርኩ ቀን አቶ ደሳለኝ፣ የማረፊያው የያኔው ባለቤት፣ እንግዳ ትታው የሄደችውን አንድ ጠርሙስ ፊቴ አስቀመጠ። ከፍቼ አሸተትኩት።

«ይኼማ የተበላሸ ሰላጣ ነው» አልኩ።

«ኧረ አይደለም። ፈረንጅ ተራራ ሲወጣ ከዳቦ ጋር የሚበላው ነው። መሥራት ትችያለሽ?»

«የተበላሸ ሰላጣ ለመሥራት ምን ያቅተኛል?» አልኩት። ሳቀና ቀጠረኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካሮትና ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ይከተፋል፤ ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ ይጨመራል። አንድ ብርጭቆ አቼቶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ድንብላል አብሮ ይፈላል። ትኩሱ ውሃ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ በተጠቀጠቀው አትክልት ላይ ይፈሳል። ጠርሙሱ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፤ በደባርቅ ብርድ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ካኖሩት ይሰነጠቃል። ሦስት አጥቻለሁ። ጎሕ ሲቀድ የተሠራው ለምሳ ይደርሳል፤ አስጎብኚዎቹም የእንግዶቹን ምሳ በመስኮት ይወስዳሉ።

ችግሩ ቅምሻው ነው። ምሳው ማለዳ ይወጣል፣ የእኛ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ይፈታል። እኔና ትርንጎ ጿሚዎች ነን። የግቢው ጠባቂ አያ ሰይድ ግን እስላም ናቸውና በእኛ ጾም እሳቸው ይቀምሱልን ነበር።

«አያ ሰይድ፣ ምላስዎን ያውሱኝ።»

አንዲት ካሮት አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ እንደ ዳኛ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። «ጨው ትንሽ ይቀረዋል» ወይም «ሂጂ፣ አውጪው» ይላሉ። በእሳቸው ጾም እኔ እቀምሳለሁ። ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል፤ ለትርንጎ የሚቀምስላት የለም።

ከዚያ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ የዋሉበት ዓመት መጣ።

ጨዉን ለክቼ ከሚፈላው ላይ ጨመርኩና ጎመን ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ትርንጎ መጣች፤ ውሃው ሲንተከተክ አየች፤ «እትዬ ረስተውታል» ብላ ሌላ ማንኪያ ሙሉ ጨመረች። ማን ይቅመሰው? አትክልቱ እንዲያው ሄደ። ገና ቀትር ሳይሆን አስጎብኚው ከተራራው ደወለ። «እትዬ፣ ምን አበላችኋቸው? እንግዶቹ የቀኑን ውሃ ጨረሱት፣ አሁን የእኔን እያዩ ነው!»

አቶ ደሳለኝ ወጥ ቤት ገባ።

«ምነው አልተቀመሰም?»

«ጾም ነው።»

«ሰይድስ?»

«እሳቸውም ጾመዋል።»

«እዚህ ግቢ የሚበላ ፍጡር የለም ማለት ነው?»

አያ ሰይድ ከበሩ ላይ ሆነው «ውሻው አለ» አሉ።

«አንተስ ጋሼ?» አልኩት። «ለመድኃኒትህ ስትል ጠዋት ትበላ የለም?»

«ስኳር ገብቶበታል! ልትገድይኝ ነው?»

በማግስቱ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «አባታችን፣ ቀምሼ ብተፋው ምን ይሉኛል?» «ልጄ፣ ዛሬ ትተፊዋለሽ፣ ነገ ትውጪዋለሽ። በልክ መሥራት አቅቶሽ ነው?» አሉኝ። እውነት ነው፣ አላቃተኝም። ሰንፌ ነበር እንጂ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥርዓት አወጣሁ። በወጥ ቤቱ አንድ የጨው ማንኪያ ብቻ ይኖራል። ጨው ተጨምሮ ግድግዳው ላይ በሰቀልኩት ካርድ እስኪጻፍ ማንም ከምድጃው አይነሣም። ማንኪያው በቢላዋ ጀርባ ተስተካክሎ ይለካል፤ «እፍኝ ጣል» የሚባል ነገር የለም። ትርንጎ መጀመሪያ ተነጫነጨች፣ ኋላ ከእኔ ባሰች። ከዚያ በኋላ እኔ እስክወጣ ድረስ አንድም ጠርሙስ አልተመለሰም።

አስጎብኚዎቹ ግን ቀልድ አገኙ። «የእትዬ ዘውዴ ምላስ ጾም አያውቅም!» ይሉ ነበር በመስኮት። ሳቅሁ። ያን ጊዜ መሳቄ ጥፋቴ ነው። ቀልዱ አድጎ ይኸው ምስክር ሆኖ ቆመብኝ።

ይህን ሁሉ ለትርንጎ ሳስታውሳት አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ጨዉ ያው የድሮው ሻካራው ነው?»

«አይ፣ አዲሱ ነው፤ እንደ ዱቄት የደቀቀው። የአቶ ደሳለኝ ልጅ ነው የገዛው፣ ያምራል ብሎ።»

«ማንኪያውስ?»

«ያው ማንኪያችን።»

እግዚኦ! የደቀቀ ጨው በአንድ ማንኪያ ውስጥ ከሻካራው በዝቶ ይገባል። ጨዉን የለወጠው እሱ፣ የምትባረረው እሷ፣ የምታማው እኔ! ማንኪያውን አጉድላ እንድትሠራ፣ ልኩንም ካርዱ ላይ እንድታርም ነገርኳት። በማግስቱ ደወለች፤ ምሳው ሄደ፣ አንድም ሰው አልተነጫነጨም። ለሰውየው ስትነግረው ግን «ዛሬ ቀምሰሽ ነዋ!» አላት። ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል?

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ያህል ነው፦ በትክክል የተለካ ነገር ቅምሻ አይፈልግም፤ ዕቃው ሲለወጥ ግን ልኩም እንደ አዲስ ይወሰናል።

አሁን እዚያ የነበራችሁትን እለምናለሁ። የእኔን ስም ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ የሚያማኝ ይማኝ። ትርንጎ ግን በውሸት ከሥራዋ አትውጣ፣ ጾሟንም በግድ አትፍታ። አያ ሰይድ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ አባቱን ያገለገሉ ሰው ነዎትና ይሰማዎታል። እናንተም በዚያ መስኮት ምሳ የወሰዳችሁ አስጎብኚዎች፣ ቀልዱን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁና እናንተው አንሡት። ሰኞ ሳይደርስ ቢሮው ገብታችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ያዩትን መናገር ጾም አያስፈታም።