የጓሮው ባቡር ዋሻ

ባለፈው ሰሞን ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ስልኬን ላሠራ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ቆሜ ሳለ፣ ሰውየው ትንሽ የአልኮል ኩራዝ ለኮሰና ሰማያዊው ነበልባል ብድግ ሲል ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ እኔም ወደ ኋላ ሸሸሁ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኩት፤ ውሸቴን ነው። ለሌላው ሰው ይህ ሽታ የክሊኒክ ሽታ ነው፣ ጥጥና መርፌ ነው። ለእኔ የባቡር ሽታ ነው፤ ደግሞም የፍርሃት።

ያደግኩት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ፈረንሳዊ ግቢ ውስጥ ነው። ከድንበር ማዶ የመጣችው እናቴ ፀሐይ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ማታ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍል ትተኛለች፣ እኔም እዚያው፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ከጎኗ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር ይባላል፤ ከዚያ በላይ አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም በፈረንሳይኛ «ሙሴ»፣ ጌታው፣ ነበር የምንለው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣ ረጅም ሰውዬ ነው። እናቴ የመኖሪያ ወረቀቷን የምታሳድሰው እሱ በየዓመቱ በሚጽፍላት ደብዳቤ ነበር። እኔ ግን እዚያው ጅቡቲ ተወልጄ የትም አልተጻፍኩም፤ የልደት ወረቀት የለኝ፣ ትምህርት ቤት የለኝ፣ በመንግሥት ዘንድ የለሁም።

ስለዚህ እንደሌለሁ ሆኜ ነበር የምኖረው። ጫማዬ ከክፍላችን ደጅ አይቀመጥም ነበር፣ ቀሚሴ ታጥቦ ሲሰጣ በሁለት አንሶላ መካከል ተደብቆ ነበር የሚደርቀው፣ የበሩ ደወል ሲጮህ ሳል ቢመጣብኝ እንኳ እውጠው ነበር። አፈሳ የሚለውን ቃል ከዳቦ ቀድሜ ሳልማር አልቀረሁም። የፖሊስ መኪና ይመጣና ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድም ከሰው ቤትም እየለቀመ፣ ጭኖ ወደ ድንበር ይወስደዋል። እናቴ የምትፈራው ለራሷ አልነበረም፤ እሷ ወረቀት አላት። የምትፈራው እኔ ለብቻዬ ተጭኜ፣ ስሜን እንኳ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ እንዳልራገፍ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ያ የሚያቃጥል ሙቀት ሲለዝብ ግን ጓሮው ሌላ ቦታ ይሆን ነበር። ሙሴ ጓሮው ውስጥ ባቡር ነበረው። መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሎኮሞቲቩ ክንድ የሚያህል፣ ብረትና ነሐስ የሆነ፣ ሆዱ ውሃ ተሞልቶ ከሥሩ አልኮል እየነደደ በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄድ ነበር። ሐዲዱ ከውሃ ታንከሩ ሥር ተነስቶ፣ በሁለት ዛፎች መካከል አልፎ፣ ግንቡን ተጠግቶ ይዞርና፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት ጥቂት በሚበልጥ ተራራ ሆድ ውስጥ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣ ነበር። በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር፣ ራሳቸውን ክለብ ብለው፤ ሙሴ፣ ሁለት የወደብ ጓደኞቹና ጋሼ መኮንን።

ጋሼ መኮንን ከጅቡቲ ድሬዳዋ በሚመላለሰው በትልቁ ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነጂ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ክለቡ የሙሴ ነው ይባል እንጂ አዛዡ እሳቸው ነበሩ። በሐዲዱ ዳር ትንንሽ የእንጨት ጣቢያዎች ሠርተው አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ ድሬዳዋ ብለው በቀይ ቀለም ጽፈውባቸው ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ከእነዚያ ሰሌዳዎች ነው። እኔን «ሼፍ» ይሉኝ ነበር፣ አለቃ እንደማለት። ሥራ ነበረኝ፤ ጠዋት ተነስቼ ነፋስ ያመጣውን አሸዋ በቀለም ብሩሽ ከሐዲዱ ላይ እጠርጋለሁ፣ የባሕሩ ጨው ያነጣውን ብረት በደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥ በየሐዲዱ መገናኛ ክፍተት ይተዉ ነበር፣ ክፍተቱም የሚለካው በእኔ አውራ ጣት ነው። «ሼፍ፣ ጥፍርሽን አምጪ» ይሉኛል፣ ጥፍሬ ከገባ ልክ ነው፣ ካልገባ ብሎኑ ይላላል።

ትልቁ ሥራዬ ግን ዋሻው ነበር። ውስጡ መታጠፊያ ስላለው ባቡሩ አንዳንዴ እዚያ ገብቶ ከሐዲዱ ይዘላል፤ መጀመሪያ ጓ ይላል፣ ከዚያ ጎማዎቹ በባዶ ሲሽከረከሩ ይሰማል። ያኔ የክለቡ ሰዎች ባሉበት ዝም ብለው ይቆሙ ነበር። እኔ ከተራራው ጀርባ ያለውን የእንጨት ክዳን ገልጬ ተጠቅልዬ እገባና፣ ጨለማው ውስጥ በጨርቅ አንስቼ ሐዲዱ ላይ እመልሰዋለሁ፣ ባቡሩም እያፏጨ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ያጨበጭባሉ። ሰው ያጨበጨበልኝ እዚያ ብቻ ነበር።

የካቲት ላይ ክለቡ በዓመት አንዴ ወደ አምቡሊ የአትክልት ቦታዎች ይወጣ ነበር፤ ተነቃቃይ ሐዲድ ይዘው፣ ዘንባባ ሥር ዘርግተው፣ ባቡሩን ሲያስኬዱ ይውላሉ። በስምንት ዓመቴ ጋሼ መኮንን ካልሄደች ብለው እናቴን ያዟት። «ጋሼ፣ ብትያዝብኝስ?» ስትል «አቦ ፀሐይ፣ ልጅቷ እኮ ባሕሩን በግንብ ላይ ነው የምታየው» አሏት። ሙሴም ትሂድ አለ፣ እሱ ካለ ደግሞ እናቴ እምቢ ማለት አትችልም። በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ የሎኮሞቲቩን ሳጥን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። አደባባዩ ጋ ፖሊስ አስቆመን፣ ወረቀት ጠየቀ፣ የሁሉንም አየና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«እሷስ?»

«የልጅ ልጄ ናት» አሉ ጋሼ መኮንን በሶማልኛ፣ ሳይቸኩሉ። «አፍንጫዋን አታይም? ሌላ ሰው እንዲህ ያለ አፍንጫ ያወርሳል?»

ፖሊሱ የጋሼን ትልቅ አፍንጫ አየና ሳቀ፣ እለፉ አለን። እኔ ሳጥኑን እንደታቀፍኩ ሸንቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሐዲዱን ስዘረጋ ቀሚሴ በላዬ ላይ ደረቀ፣ ስመለስ ለእናቴ ውሃ ፈሰሰብኝ አልኳት።

ግንቦት ሲገባ ክለቡ ይበተን ነበር። ሐዲዱ ግሎ በእጅ አይነካም፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን እየነዳ ጣቢያዎቹን ይቀብራቸዋል። በዚያ ዓመት ክረምት አፈሳው በረታ። የጎረቤት ሠራተኞች በግንብ ላይ ሆነው ወሬ ያቀብሉን ነበር፤ ትናንት እገሊት ተወሰደች፣ ዛሬ ከገበያ አሥራ አንድ ሰው ተጫነ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የምትሠራ አንዲት የሐረር ልጅ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ነው ከበሩ ላይ የወሰዷት። እናቴ ከዚያ በኋላ ስታበስል መስኮቱን ትዘጋ ነበር፣ እንፋሎቱ ውስጥ ላቧ እየተንጠባጠበ።

ጥቅምት ተመልሶ መጣ፣ ክለቡም የመጀመሪያውን ዓርብ ያዘ። ጠዋት ሙሴ ቡናውን እየጠጣ ለእናቴ «ዛሬ እንግዳ አለን፣ የፖሊስ አዛዥ፣ ኮማንዳን ነው፣ ባቡር በጣም ይወዳል» አላት። ክፋት አልነበረውም። ፓስፖርት ያለው ሰው ነዋ፣ ምን ያውቃል። እናቴ እንግዳው ሳይደርስ ክፍላችን ውስጥ ልትቆልፍብኝ አስባ ነበር፤ ሰውየው ግን በአሥር ሰዓት ይመጣል ሲባል በዘጠኝ መጣ። እኔ ጓሮው መሐል ተንበርክኬ ሐዲድ እጠርግ ነበር። አጅበውት የመጡ ሁለት ፖሊሶች ኩሽናው ደጅ፣ በክፍላችን በር አጠገብ፣ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። ሰውየው ከሙሴ ጋር ገና ሳሎን ውስጥ ሳለ እናቴ በሩጫ መጥታ ክንዴን ይዛ ወደ ተራራው ጎተተችኝ፣ ክዳኑን ገለጠች።

«ግቢ። እስክጠራሽ ድረስ የለሽም፣ ሰማሽ? የለሽም።»

ጉልበቴን አገጬ ሥር ይዤ ተቀመጥኩ። ከውጭ የሰዎች ሳቅ፣ የጋሼ መኮንን ድምፅ፣ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ባቡሩ መጣ። በሥራ ጊዜ ገብቼ እወጣለሁ እንጂ ባቡር ሲያልፍ ውስጥ ሆኜ አላውቅም ነበር፤ እሳቱ ፊቴን እየላሰ፣ የአልኮሉ ሽታ ጉሮሮዬን እየዘጋ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ጣት ርቆ አለፈ። ዞሮ መጣ። አሁንም ዞሮ መጣ። እያንዳንዱን ዙር ስቆጥር አሥራ ሦስተኛው ላይ ጓ አለ። ጎማዎቹ በባዶ መሽከርከር ጀመሩ።

ውጭ ሁሉም ዝም አለ፣ እንደ ልማዱ። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ሰደድኩ። ጨርቅ አልነበረኝም፣ በቀሚሴ ጫፍ ያዝኩት፣ ቀሚሱ ስስ ነበር፣ ጣቶቼ ሲቃጠሉ ድምፅ ሳላሰማ አነሳሁትና ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኩት። ባቡሩ እያፏጨ ወጣ። ያኔ ነው የለሽም የተባልኩት ትዝ ያለኝ።

ማንም አላጨበጨበም።

«ማን መለሰው?» አለ ወፍራሙ ድምፅ በፈረንሳይኛ።

«የኛ ባቡር ወድቆ መነሳት ያውቃል» አሉ ጋሼ መኮንን። «ትልቁም እንዲሁ ነበር፣ ስንቴ ወድቆ ስንቴ ተነስቷል።» ሰዎቹ ሳቁ፤ የእሳቸው ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

የእግር ኮቴ ቀረበ። ሰውየው ዋሻው አፍ ላይ ተንበረከከ፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት፣ ባትሪውን አበራ። ብርሃኑ መጀመሪያ ሐዲዱን፣ ከዚያ አፌ ውስጥ የከተትኳቸውን ጣቶቼን፣ ከዚያ ዓይኔን አገኘ። ከብርሃኑ ጀርባ ሸበቶ ፂም አየሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተያየን አላውቅም፤ ዓይኔን መጨፈን እንኳ አልቻልኩም። ባትሪውን አጠፋ።

«ድመት ናት» አለ እየተነሳ።

እናቴ የጠራችኝ መኪናው ከወጣ በኋላ ነበር። የተቃጠሉ ጣቶቼን በጥርስ ሳሙና እየቀባች «ምን አስነካሽ?» አለችኝ።

«ወደቀ እኮ።»

«ይውደቅ ነበራ የኔ ልጅ፣ ምናለ ቢወድቅ።» ሳሙናውን ከጣቶቼ አልፋ ክንዴ ድረስ ቀባችው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ መኮንን እጄን ይዘው ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር ላይ አሳፈሩኝ፤ እዚያ አክስቴ አለች። እናቴ ከመስኮቱ ሥር ቆማ «ለበዓል ትመጫለሽ» አለችኝ፣ እኔም አመንኳት። አሊ ሳቢህን፣ ደወሌን፣ አይሻን በመስኮት አየኋቸው፤ ሐሩርና አቧራ ብቻ ናቸው፣ ቀይ ቀለም እንኳ የላቸውም። ድንበሩ ላይ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም። ወደዚያ ለሚሄድ ማንም አይጨነቅም።

በዓሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፓስፖርት አውጥቼ ስመለስ ሙሴ ወደ አገሩ ሄዷል፣ ሐዲዱ ለቁራሊዮ ተሸጧል፣ ጋሼ መኮንንን ደግሞ እኔው ራሴ ድሬዳዋ ቀብሬያቸዋለሁ። አሁን አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጭነት ወረቀት እሞላለሁ፤ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን።

አምና ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። ኮማንዳኑ ዋሻው ውስጥ ባየኝ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ብቻውን፣ ያለ መለዮ፣ በኩሽናው በር መጥቶ ነበር። «ልጅቷን አይቻታለሁ» አላት። «ስሟንና ዕድሜዋን ንገሪኝ፣ ትምህርት ቤት እንድትገባ ወረቀቷን እኔ አስጨርስላታለሁ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«የምን ልጅ ጌታዬ፣ እኔ ልጅ የለኝም አልኩት።»

ተነስቼ ወጣሁ። ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩት፣ በንዴት ከአንድ የጀበና ቡና ሻጭ ጋር ተጣላሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቃል። ግን ሰውየው እውነቱን ይሁን፣ ስሜን ለአፈሳው መኪና ዝርዝር ፈልጎት ይሁን፣ እሷ ያኔ በምን ታውቃለች? ዛሬም አናውቅም፣ ሁለታችንም። ልብሱን ቁጭ ብዬ አብሬያት አጣጠፍኩ።

ያኔ እኔ ነበርኩ ከሰው የምደበቀው፣ ዛሬ በኪሴ የመኖሪያ ካርድ ይዤ ከተማውን እንደልቤ እዞራለሁ፣ አንዳንዴም ፖሊስ አይቼ መንገድ ሳልቀይር አልፋለሁ። እናቴ ግን አዲስ ጎረቤት «ልጆች አሉሽ?» ብሎ ሲጠይቃት አሁንም ቶሎ አትመልስም። መጀመሪያ በሩን ታያለች፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ነው «አንዲት አለችኝ» የምትለው።