በማን እጅ አደግሽ?

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁሉንም ጥያቄ በትክክል መልሼ ያፈርኩት በዚያ ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

አምቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። መቼ እንደጠባች፣ መቼ እንደተኛች በማስመሪያ ባሰመርኩት ደብተር መዝግቤያለሁ። አንድ ነገር ግን አልጻፍኩም፤ ልጄን አንድም ቀን አጥቤያት አላውቅም ነበር። የሚያጥቧት አማቴ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ወደ ጊንጪ ሊመለሱ ነው።

ከክትባቱ በኋላ ሲስተር ጫልቱ የምትባል ነርስ ወላዶች የሚጠየቁትን ጠየቀችኝ። እንቅልፍ እንዴት ነው? ይከፋሻል? ፍርሃት ፍርሃት ይልሻል? ፈተና ማውጣት ሥራዬ ስለሆነ የትኛው መልስ እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ሁሉንም ደህና ደህና እያልኩ ጨረስኩ።

ሲስተር ወረቀቱን አይታ ሳቀች። «ቲቸር፣ እዚህ ላይ አስር ከአስር ያመጣች ወላድ አይቼ አላውቅም። ከማን ኮረጅሽ?»

እኔም ሳቅኩ። ካርዱን እየሞላች እንደ ዋዛ፣ «ለመሆኑ በማን እጅ ነው ያደግሽው?» አለችኝ።

«በአክስቴ እጅ» ልል ነበር። «እጅ» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለችኝ።

ማብራራት ስለምወድ ላብራራ። ያሳደገንን ሰው ስንናገር ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው። እኔ ግን የአክስቴን እጅ የማውቀው በጥፊና በቁንጥጫ ነው፤ በተለይ ስታጥበኝ ካለቀስኩ አትምረኝም ነበር። ልጄ ስታለቅስ ያ እጅ የእኔ ክንድ ላይ የተቀጠለ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እንዳልመታት አስተኝቻት ከክፍሉ እወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ለሲስተር እያለቀስኩ ነገርኳት።

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠች። «ኢንተላ ኮ» አለችኝ፣ በኦሮምኛ «ልጄ» ብላ፣ እናት ልጇን እንደምትጠራው። «አክስትሽ ‹ልመታት ነው› ብላ ፈርታ ከክፍል ወጥታ ታውቃለች?»

አታውቅም።

በልጅነታቸው የተጎዱ ብዙ እናቶች ሲወልዱ እንዲህ ያለ ፍርሃት እንደሚይዛቸው፣ ሕክምና እንዳለውም አስረዳችኝ። ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያም ሪፈር ጻፈችልኝ።

አማቴ ነገሩን ስነግራቸው ጉዟቸውን በሳምንት አራዘሙ። መጀመሪያ እሳቸው ሲያጥቡ እኔ ውሃ አፈስሳለሁ፤ ቀጥሎ እኔ ሳጥብ እሳቸው ያፈስሳሉ። በአራተኛው ቀን ማጠብ ስጀምር ልብስ ላስጣ ብለው ጓሮ ወጡና ቀሩ። የሚሰጣ ልብስ አልነበረም።

ሕክምናውን ለወራት ተከታተልኩ። አሁን ልጄ ስትታጠብ ሳሙና ዓይኗ ከገባ ሰፈሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። ጎረቤት ምን ይላል ብዬ አፍራለሁ እንጂ እጄን አልፈራም።